ለአንድ በር ሁለት ዘበኛ፦ ከስሊፕ ሲነሳ ስለሚጠቁር ስክሪን

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ሰላም ወንድሜ። ዴስክቶፕ ኮምፒውተሬ ሊኑክስ ነው፤ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ዴስክቶፕ ነው የምጠቀመው። ከስሊፕ ስቀሰቅሰው ከፍቼው የነበረው ስራ ለአንድ ሰከንድ ያህል ብልጭ ይላል። ከዚያ ፓስወርድ ይጠይቀኛል። አስገብቼ ስጨርስ አንዳንዴ እንደገና ይጠይቀኛል። አንዳንዴ ጭራሽ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ያኔ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኜ አጠፋዋለሁ፤ ሴቭ ያላደረግኩት ስራም አብሮ ይሄዳል። ባለፈው ደግሞ ትክክለኛ ፓስወርዴን አልቀበልም አለኝ፤ ሪስታርት ሳደርገው ተቀበለኝ። ሎክ ስክሪኑን ላጥፋውና ልገላገል ወይስ መፍትሔ አለው?»

እህቴ፣ አታጥፊው። መፍትሔ አለው፤ ደግሞም ከምታስቢው ይቀላል። አራት ችግር የዘረዘርሽ ይመስላል እንጂ ሦስቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እንደ እኔ ግምት ኮምፒውተርሽ ላይ ስክሪን የሚቆልፉ ሁለት ፕሮግራሞች አብረው እየሰሩ ነው። አንድ በር ላይ ሁለት ዘበኛ ሲቆም፣ አንዱ ፈትሾ ያሳለፈውን ሌላው «ወዴት ነው?» ይለዋል። ያንቺም እንደዚያ ነው። የፓስወርዱ ጉዳይ ለብቻው ነው፤ እመለስበታለሁ።

የትእዛዞቹንና የፕሮግራሞቹን ስም እንደሚነበቡት ነው የምጽፍልሽ። ኮምፒውተሩ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ትጽፊያቸዋለሽ።

መጀመሪያ ስራሽን እናድን። በሚቀጥለው ጊዜ ስክሪኑ ሲጠቁር እጅሽን ከማብሪያው ቁልፍ ላይ አንሺ። ኮንትሮልና ኦልትን ይዘሽ ኤፍ3ን ተጫኚ። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ይመጣል፤ ስም ይጠይቅሻል። የተጠቃሚ ስምሽን ጻፊና ኢንተር በዪ፤ ቀጥሎ ፓስወርድሽን አስገቢ። ፓስወርዱን ስትጽፊ ኮከብም ነጥብም አይታይም። አትደንግጪ፣ እየተጻፈ ነው።

እዚህ መግባት መቻልሽ ራሱ ትልቅ ዜና ነው። ማሽኑ አልሞተም ማለት ነው። ከፍተሽው የነበረው ዶክመንት፣ ብራውዘሩ፣ ሁሉም ከኋላ በሕይወት አለ። የታነቀው ስክሪኑን የሚያሳየው ወገን ብቻ ነው።

አሁን ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ7 ተጫኚ። ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ስክሪኑ ይመለሳል። አንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች (ዓይነቶች) ላይ የግራፊክሱ ቦታ 7ኛው ሳይሆን 1ኛው ወይም 2ኛው ነው፤ ኤፍ7 ባዶ ከሆነ እነሱንም ሞክሪ። ካልተመለሰ ወደ ኤፍ3 ሂጂና «ሎግኢንሲቲኤል» ብለሽ ጽፈሽ ኢንተር በዪ። የተከፈቱ ሴሽኖች፣ ማለትም በስም ተገብቶ የተከፈቱ የሥራ ክፍለ ጊዜዎች፣ ዝርዝር ይወጣል። በስምሽ ሁለት መስመር ታያለሽ፤ አንዱ አሁን የገባሽበት የጽሑፍ ሴሽን ነው፣ ሌላው የተቆለፈው። መስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለውን የሴሽን ቁጥር ያዢ። የተቆለፈው 2 ከሆነ «ሎግኢንሲቲኤል አንሎክ-ሴሽን 2» ብለሽ ጻፊ። ከዚያ ወደ ግራፊክሱ ተመለሺ።

ስትጨርሺ ግን አንድ ነገር እንዳትረሺ። ወደ ኤፍ3 ተመልሰሽ «ኤግዚት» ብለሽ ውጪ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ያ የጽሑፍ ሴሽን ክፍት ከቀረ፣ ስክሪንሽ የፈለገውን ያህል ቢቆለፍ ሦስት ቁልፍ የሚያውቅ ሰው ያለ ፓስወርድ ይገባል። የፊቱን በር ቆልፎ ጓሮውን ከፍቶ እንደመሄድ ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ስክሪን መቆለፍ አንድ ስራ ይመስላል እንጂ ቢያንስ አራት ሠራተኛ አለው። አንዱ ሰዓት ይቆጥራል፤ ማንም ካልነካው «አሁን ቆልፍ» ይላል። ሁለተኛው ማሽኑ ሊተኛ ሲል ያስጠነቅቃል። ሦስተኛው ስክሪኑ ላይ መጋረጃ ይጥላል፤ ሰው ሎክ ስክሪን የሚለው ይህንን ነው። አራተኛው ፓስወርዱን ያመሳክራል፤ ሊኑክስ ላይ ይህ ስራ የፓም ነው። መቆለፊያው ፕሮግራም ፓስወርድሽን ራሱ አያውቀውም። ተቀብሎ ለፓም ያቀብላል፤ ፓም አዎ ካለ መጋረጃው ይነሳል። ችግር ሲመጣ ሰው ሁሉ የሚወቅሰው መጋረጃውን ነው፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የሌሎቹ ነው።

ያንቺ ጥቁር ስክሪን ላይ ግን መጋረጃው ራሱ ነው የምጠረጥረው። ኤክስኤፍሲኢ ከላይትዲኤም (የመግቢያውን ገጽ ከሚያሳየው ፕሮግራም) ጋር ሲመጣ ብዙ ጊዜ ላይት-ሎከር የሚባል መቆለፊያ አብሮ ይጫናል። አሠራሩ ከሌሎቹ ለየት ይላል። የራሱ የፓስወርድ ሳጥን የለውም። ስትቆልፊ የአንቺን ሴሽን 7ኛው ላይ ትቶ፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ የምታዪውን የመግቢያ ገጽ 8ኛው ላይ ይከፍትልሻል። ፓስወርድ ስታስገቢ ተመልሶ ወደ 7ኛው ይወስድሻል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ መግቢያውና መክፈቻው አንድ ዓይነት መልክ ይኖራቸዋል። ችግሩ ያ መመላለስ ነው። ከስሊፕ ገና የነቃ የግራፊክስ ድራይቨር ከ8 ወደ 7 ሲዛወር ስክሪኑን ማብራት ይረሳል። ፓስወርድሽ ተቀባይነት አግኝቷል፣ ሴሽንሽ ተከፍቷል፣ ብቻ አይታይም። ቅድም ኤፍ3 ከዚያ ኤፍ7 ያስባልኩሽ ለዚህ ነው። ዝውውሩን በእጅሽ ስትደግሚው ድራይቨሩ ይነቃል።

ሁለት ጊዜ መጠየቁም ከዚሁ ይያያዛል። የሆነ ጊዜ ሌላ መቆለፊያ ጭነሻል፣ ወይም አፕዴት ሲደረግ ገብቷል። ላይት-ሎከር በመግቢያው ገጽ ይጠይቅሻል፤ ከኋላ 7ኛው ላይ ደግሞ ሁለተኛው መቆለፊያ የራሱን መጋረጃ ጥሎ ይጠብቅሻል። «አንዳንዴ» የሆነው ሁለቱ የተለያየ ሰዓት ስለሚቆጥሩ ነው። አንዱ ለ5 ደቂቃ፣ ሌላው ለ10 ደቂቃ ተሞልቶ ከሆነ፣ 7 ደቂቃ ቡና ብትጠጪ አንዴ ትጠየቂያለሽ፤ ረዘም ካልሽ ሁለቴ።

ለማረጋገጥ የኤክስኤፍሲኢን ታስክ ማኔጀር ክፈቺና መፈለጊያው ላይ «ሎክ» ብለሽ ፈልጊ፤ ቀጥሎ «ስክሪንሴቨር» ብለሽ። ላይት-ሎከር፣ ኤክስኤፍሲኢ4-ስክሪንሴቨር፣ ኤክስስክሪንሴቨር፤ ከእነዚህ ሁለቱ ወይም ሦስቱ አብረው ከታዩ ጥፋተኛው ተገኘ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ «ሴሽን ኤንድ ስታርታፕ» የሚለውን ክፈቺ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች ዝርዝር አለ። የማትፈልጊውን መቆለፊያ ምልክት አንሺለት።

የትኛው ይቅር? ላንቺ ኤክስኤፍሲኢ4-ስክሪንሴቨር ይሻልሻል። የመነጨው ከማቴ ስክሪንሴቨር ነው፤ ያኛው ደግሞ ከኖም ስክሪንሴቨር (ማቴም ኖምም ሌሎች የሊኑክስ ዴስክቶፖች ናቸው)። ሴቲንጉ ከኤክስኤፍሲኢ ጋር አንድ ላይ ነው፤ ቴርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) መንካት የለብሽም። እኔ በራሴ ማሽን ላይ የማስኬደው ኤክስስክሪንሴቨርን ነው። ከ1992 ጀምሮ ያለ ነው፤ መልኩም ይህንን አይደብቅም። የፓስወርድ ሳጥኑን ያየ ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። መቆለፉን ግን ይቆልፋል። የፈለግሽውን ምረጪ፣ አንድ ብቻ ይሁን።

ቅደም ተከተሉ ላይ ተጠንቀቂ። አዲሱን ሳትጭኚና ሳትሞክሪ አሮጌውን አታስወግጂ። ኤክስኤፍሲኢ ራሱ «ቆልፍ» ሲባል የሚጠራው ኤክስኤፍሎክ4 የምትባል ትንሽ ስክሪፕት ነው። እሷ ደግሞ የተጫኑትን መቆለፊያዎች ተራ በተራ ትሞክራለች። አንድም ካላገኘች የመቆለፊያ ቁልፉን ስትጫኚ ምንም አይፈጠርም፤ ተቆልፏል ብለሽ ትሄጃለሽ።

ቀጥሎ ያ ብልጭታ። ብዙ ሰው እንደ ቀላል ነገር ያልፈዋል፤ እኔ ግን ከጥቁሩ ስክሪን ይልቅ እሱ ያሳስበኛል። ባንክ ገጽሽ ወይም የግል መልእክት ተከፍቶ ከነበረ፣ አንድ ሰከንድ ለስልክ ካሜራ በቂ ነው። የሚሆነው እንዲህ ነው። ማሽኑ ሊተኛ ሲል ሎግኢንዲ የሚባለው የሲስተምዲ (የሊኑክስን የውስጥ አገልግሎቶች የሚያስተዳድረው) ክፍል «ልንተኛ ነው» ብሎ ለሁሉም ይናገራል። አስቀድሞ «ቆይ፣ ሳትነግረኝ እንዳትተኛ» ብሎ የተመዘገበ ፕሮግራም ካለ ይጠብቀዋል። ትዕግሥቱ ግን ልክ አለው፤ ካልተቀየረ በቀር 5 ሰከንድ ነው። መቆለፊያሽ ካልተመዘገበ፣ ወይም በጊዜው መጋረጃውን ካልጣለ፣ ማሽኑ ስራሽ እንደተዘረጋ ይተኛል። ስትቀሰቅሺው መጀመሪያ የሚያሳይሽ ሲተኛ የነበረውን ነው። መቆለፊያው ከዚያ በኋላ ዓይኑን እያሻሸ ይመጣል።

የተመዘገቡትን ማየት ከፈለግሽ ቴርሚናል ላይ «ሲስተምዲ-ኢንሂቢት --ሊስት» የሚለውን ጻፊ። ከሚወጡት መስመሮች «ስሊፕ» እና «ዲሌይ» የሚል ያለባቸውን ብቻ ተመልከቺ። የመቆለፊያሽ ወይም የፓወር ማኔጀሩ ስም እዚያ ከሌለ ብልጭታው አይገርምም። መፍትሔው ብዙ ጊዜ አንዲት ምልክት ናት፤ ፓወር ማኔጀር ውስጥ፣ ማሽኑ ሲተኛ ስክሪኑ ይቆለፍ የሚለውን መርጠሽ ማብራት። ያቺን 5 ሰከንድ ከፍ ማድረግም ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ መጋረጃ ለመጣል ከ5 ሰከንድ በላይ የሚፈጅ ማሽን ካለ ሌላ ሕመም አለበት።

አይ3ሎክ የሚባለውን መቆለፊያ በኤክስኤስኤስ-ሎክ (ማሽኑ ሲተኛ መቆለፊያውን በሚጠራ ፕሮግራም) ለሚያስነሱ ሌሎች አንባቢዎች አንድ ቃል ልጨምር። አይ3ሎክ እንደተነሳ ራሱን ወደ ኋላ ይሰዳል። ያስነሳው ፕሮግራም ደግሞ ስራውን የጨረሰ ይመስለዋል። ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚከለክለውን ምርጫ ጨምሩበት።

አሁን የፓስወርዱ ነገር። ሪስታርት ስታደርጊ ተቀበለኝ ማለትሽ ነው ፍንጭ የሰጠኝ። ፓም ውስጥ ፌይልሎክ የሚባል ክፍል አለ፤ አንዳንድ ስርጭቶች ከመጀመሪያው አብርተውት ይመጣሉ። ልማዱ ይህ ነው፦ በ15 ደቂቃ ውስጥ 3 ጊዜ ከተሳሳትሽ ለ10 ደቂቃ በሩን ይዘጋል። በዚያ 10 ደቂቃ ውስጥ ትክክለኛውን ብትጽፊም መልሱ ያው ነው፤ «ተሳስተሻል» ይላል። አንዳንድ መቆለፊያ ለምን እንደሆነ እንኳ አይነግርሽም። ቁጥሩን የሚይዝበት ፋይል ደግሞ በተለመደው አቀማመጥ ማሽኑ ሲጠፋ የሚሰረዝ ቦታ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ሪስታርት ስታደርጊ ኮምፒውተሩ «ተሻለው»። የተሻለው አልነበረም፣ ረስቶልሽ ነው። ሌላ ጊዜ እጅሽን ሰብስበሽ 10 ደቂቃ ጠብቂ። እንደዚህ ከሆነ ኤፍ3 ላይም ላያስገባሽ ይችላል፣ ምክንያቱም በሩን የዘጋው ፓም ነው፤ መጋረጃው አይደለም።

ግን መጀመሪያውኑ ለምን 3 ጊዜ ተሳሳትሽ? ኪቦርዱን እዪ። ካፕስ ሎክን ሁሉም ያውቀዋል። የእኔ ጥፋት ግን ነም ሎክ ነበር። ፓስወርዴ ውስጥ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩን በቀኝ በኩል ባለው ሰሌዳ ነው የምጽፈው። ማሽኑ ከስሊፕ ሲነሳ ነም ሎክ ጠፍቶ ነበር፤ ትንሿን መብራት ማን ያያል! ሩብ ሰዓት ያህል ስታገል ቆየሁ፤ ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቷል እስከማለት ደርሼ ነበር። ሙያዬ ይህ ሆኖ ማለቴ ነው።

ከአንድ በላይ ቋንቋ የምትጽፊ ከሆነ ሌላም ወጥመድ አለ። አማርኛ እየጻፍሽ ቆልፈሽ ከሄድሽ፣ የአንዳንዱ መቆለፊያ ሳጥን የተዉሽውን የኪቦርድ አቀማመጥ ይዞ ይጠብቅሻል። ላይት-ሎከር ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ የመግቢያው ገጽ ለብቻው ስለሚነሳ የሲስተሙን አቀማመጥ ይጠቀማል፣ አንቺ የቀየርሽውን አያውቅም። ለዚህ ነው አንዱ ፓስወርድ አንዱ ቦታ ሰርቶ ሌላው ቦታ እምቢ የሚለው። ፓስወርድሽ ውስጥ እንደ ኤት ወይም ኮከብ ያሉ ምልክቶች ካሉ እነሱ ናቸው መጀመሪያ የሚዘዋወሩት።

መገመት ካስጠላሽ ማስረጃው ሎጉ ላይ ነው። ከገባሽ በኋላ ቴርሚናል ላይ «ሱዶ ጆርናልሲቲኤል -ቢ» በይና «ፓም» የሚል መስመር ፈልጊ። ሙከራ ባደረግሽበት ደቂቃ ላይ የመቆለፊያው ስምና «ኦተንቲኬሽን ፌይለር» የሚል ካለ፣ የጻፍሽው ነገር ፓም ጋ ደርሷል፤ ግን ትክክል አልነበረም። ወደ ኪቦርዱ ተመለሺ። «ፌይልሎክ» የሚል ካለ መልሱን ቅድም ነግሬሻለሁ። በዚያ ደቂቃ ምንም መስመር ከሌለ ደግሞ መቆለፊያው ፓም ጋ አልደረሰም ብለሽ ጠርጥሪ። ፓም ለየፕሮግራሙ የሚያነበው ትንሽ ፋይል «ኢቲሲ» ውስጥ «ፓም.ዲ» በሚባል ፎልደር ይቀመጣል። ከሶርስ (ከፕሮግራሙ ኮድ) ራሱ ኮምፓይል አድርጎ የጫነ ሰው ይህ ፋይል ሊጎድለው ይችላል። ከስርጭቱ ማከማቻ የጫነ ሰው ይህ እምብዛም አያጋጥመውም።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም የምትጠቀሚው ኤክስ11 ነው፤ መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያሳየው ነባሩ ስርዓት ማለት ነው። ኤክስ11 ላይ መቆለፊያ የሚባለው ነገር ልዩ ሥልጣን የለውም። እንደማንኛውም ፕሮግራም ነው። ትልቅ መስኮት ዘርግቶ ስክሪኑን ይሸፍናል፤ ኪቦርዱንና ማውሱን ለራሱ ይይዛል። በቃ። ከዚህ ሁለት መዘዝ ይመጣል።

የመጀመሪያውን አሁኑኑ መሞከር ትችያለሽ። መቆለፊያውን ለ1 ደቂቃ ሙዪው። ባዶው ቦታ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጊና ሜኑው እንደተከፈተ እጅሽን አንሺ። ሜኑ ሲከፈት ኪቦርዱንና ማውሱን ይይዛል። መቆለፊያው መጥቶ ልያዝ ሲል ተይዟል ይባላል፤ ብዙዎቹ መቆለፊያዎች ተስፋ ቆርጠው ይመለሳሉ። ደቂቃው ያልፋል፣ ስክሪኑ ክፍት ነው። ኪቦርዱን የያዘ የቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) መስኮትም እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ ከወንበርሽ ስትነሺ በሰዓቱ አትተማመኚ። ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤል ተጫኚና መቆለፉን በዓይንሽ አይተሽ ሂጂ። ሜኑ ተከፍቶ ከሆነ ይህም አይሰራምና መጀመሪያ ኢስኬፕ በዪ።

ሁለተኛው መዘዝ የባሰ ነው። መቆለፊያው ከወደቀ መጋረጃውም አብሮ ይወድቃል። በ2021 ጃንዋሪ ላይ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ስርጭት የገጠመው ይህ ነው። የአንድ አባት ልጆች ኪቦርዱንና ስክሪኑ ላይ ያለውን ኪቦርድ እየደበደቡ ሲጫወቱ መቆለፊያው ወደቀ፤ ኮምፒውተሩም ያለ ፓስወርድ ተከፈተ። ሲጣራ ስክሪኑ ላይ ባለው ኪቦርድ አንዲት ከላይ ሰረዝ ያለባት ፊደል መጫን ብቻ ይበቃ ነበር። ማስተካከያው ወዲያው ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ «አፕዴት ነገ አደርገዋለሁ» የሚለኝን ሰው ይህን እነግረዋለሁ።

ዌይላንድ ላይ፣ ማለትም ኤክስ11ን እየተካ ባለው አዲሱ ስርዓት፣ ነገሩ ተለውጧል። ከ2022 ጀምሮ ለመቆለፊያ ብቻ የተበጀ ፕሮቶኮል አለ። እዚያ በሩን የሚዘጋው ስክሪኑን የሚያስተዳድረው ክፍል ራሱ ነው፤ መቆለፊያው የሚሠራው የፓስወርድ ሳጥኑን ነው። ሳጥኑ ቢወድቅ በሩ ተዘግቶ ይቀራል። ይህ ለደኅንነት ጥሩ ነው፤ ለባለቤቱ ግን ሳጥን የሌለበት ባዶ ስክሪን ፊት መቀመጥ ነው። ኬዲኢ የሚባለው ሌላ ዴስክቶፕ ይህ ሲደርስበት ቢያንስ መቆለፊያው እንደተበላሸ ጽፎ፣ ወደ ጽሑፉ ኮንሶል ሂደሽ ያንኑ የሴሽን መክፈቻ ትእዛዝ እንድትጽፊ ይነግርሻል። የቅድሙ የኤፍ3 መንገድ እዚያም አይቀርም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ የምታደርጊውን ልንገርሽ። ስራሽን ሁሉ ሴቭ አድርጊ። ኤክስኤፍሲኢ4-ስክሪንሴቨር መኖሩን እዪ፤ ከሌለ ጫኚ። ላይት-ሎከርን ከስታርታፑ አጥፊ። ከሴሽኑ ውጪና እንደገና ግቢ። ታስክ ማኔጀሩ ላይ አንድ መቆለፊያ ብቻ መቅረቱን አረጋግጪ። የፓወር ማኔጀሩን ምልክት አብሪ። ከዚያ ደማቅ ቀለም ያለው ፎቶ በሙሉ ስክሪን ክፈቺና ማሽኑን አስተኚው። ግማሽ ደቂቃ ጠብቂና ቀስቅሺው። ፎቶውን ለቅጽበት እንኳ ካየሽው ብልጭታው አልጠፋም። አምስት ስድስት ጊዜ ድገሚው፤ አንዴ ተሳካ ብለሽ አትተዪው፣ ምክንያቱም ያንቺ ችግር «አንዳንዴ» የሚመጣ ነው።

ላይት-ሎከር ከሌለም ጥቁሩ ስክሪን ከመጣ ጉዳዩ ከመቆለፊያው ወጥቷል፤ የግራፊክስ ድራይቨሩ ነው። ያኔ መቆለፊያውን ለጊዜው አጥፍተሽ ማሽኑን ብቻ አስተኝተሽ ቀስቅሺ። ሳይቆለፍም ከጠቆረ የግራፊክስ ካርድሽን ዓይነት፣ የከርነሉን (የሊኑክሱን እምብርት) ቁጥርና ከተቀሰቀሰበት ደቂቃ ጀምሮ ያለውን ሎግ ላኪልኝ።